እጅ የሚያውቀውን ለአእምሮ መግለጥ፦ የቪዲዮ ጨዋታ ወጎች ተመልካችን የሚስቡበትና የሚያቆዩበት ምክንያት

መግቢያ

አንድ መምህር በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ የተማሪዎቹን ሐሳብ ሰብስቦ እስከ ደወል ለማድረስ የሚደክመው ድካም በሙያው ላይ ላለ ሁሉ የታወቀ ነው። ስም ይጠራል፤ ጥያቄ ያነሣል፤ ፈተና መቃረቡን ያስታውሳል፤ ይህም ሁሉ ሆኖ በኋላ ወንበር የተቀመጡት ተማሪዎች ልብ ከክፍሉ ውጭ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። በሌላ በኩል አንድ ሰው በዩቲዩብ አማካይነት ስለ አንድ የቪዲዮ ጨዋታ አሠራር 20 ደቂቃ፣ አልፎ አልፎም 4 ሰዓትና ከዚያ በላይ ሲናገር፣ ቁጥሩ እጅግ የበዛ ተመልካች ማንም ሳያስገድደው ይከታተለዋል። ስም አይጠራበትም፤ ማርክ አይያዝበትም፤ ጣቱን አንድ ጊዜ ቢያንቀሳቅስ ወደ ሌላ ትዕይንት መሻገር ይችላል። ሆኖም አይሻገርም።

ይህ ሁኔታ በትምህርት ሥራ ላይ ለተሰማሩ ባለሙያዎች እንደ ቀላል ነገር የሚታለፍ አይደለም። ትምህርትን በሬዲዮና በቴሌቪዥን፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህም በተቀረጸ ቪዲዮ ለመስጠት በታቀደ ቁጥር በቅድሚያ የሚነሣው፣ ተማሪውን የሚያቆየው ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ነው። ለዚህ ጥያቄ አዘውትሮ የሚሰጠው መልስ ሥዕሉ ይድመቅ፣ ሙዚቃ ይግባበት፣ ዝግጅቱ ይጠር የሚል ነው። የቪዲዮ ጨዋታ ወጎች በዚህ መልስ ላይ የሚመሰክሩ ሥራዎች ናቸው። ከእነርሱ መካከል ከፍ ያለ አክብሮት ካገኙት ብዙዎቹ ረጃጅሞች ናቸው፤ አንዳንዶቹም አንድ ሰው የጻፈውን ከማንበብ በቀር ሌላ ጌጥ የላቸውም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጥቂት አቅራቢዎችን ሥራ መርምሮ ተመልካች የሚይዙበትን ምክንያት መለየት፣ ጉድለታቸውን ማመልከት፣ በመጨረሻም ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች የሚጠቅመውን ከማይጠቅመው ማበጠር ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዘርፉ ጠባይና አመጣጥ

"ወግ" የሚለው ቃል በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ፣ በተለይም በመስፍን ሀብተማርያም ድርሰቶች አማካይነት፣ የታወቀ የአጻጻፍ ዘርፍን ያመለክታል። ይኸውም ጸሐፊው አንድን ጉዳይ አንሥቶ በራሱ ድምፅና በራሱ አመለካከት እያገላበጠ የሚያይበት ዝርው ድርሰት ነው። በአውሮፓ ዘርፉ ስሙን ያገኘው ፈረንሳዊው ሞንቴኝ በ1580 ካሳተመው መጽሐፍ ሲሆን፣ የስሙም ትርጉም "ሙከራ" ማለት ነው። የቪዲዮ ወግ የተባለው የዚሁ ዘርፍ ተወላጅ ነው፤ ጽሑፉ ይነበባል፤ ከንባቡ ጎን ለጎን ጽሑፉ የሚናገርለት ነገር ራሱ በሥዕል ይታያል።

ይህን ዘርፍ ከሌሎች ሁለት ተመሳሳይ ሥራዎች መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው አንድ ሰው ሲጫወት በቀጥታ የሚታይበት ዝግጅት ነው፤ ተመልካቹ በዚያ የሚያገኘው በአብዛኛው የጓደኛ ያህል ጭውውት ነው። ሁለተኛው አዲስ የወጣ ጨዋታ ይገዛ ወይስ አይገዛ የሚለውን የሚዳኝ የገበያ ግምገማ ነው። የወጉ ጥያቄ ከሁለቱም የተለየ ነው። ጨዋታው ከወጣ 10 ወይም 30 ዓመት ቢያልፈውም ወጉ "ይህ ነገር የሚሠራው እንዴት ነው? በሰው ላይ ይህን ስሜት የሚያሳድረውስ ለምንድን ነው?" ብሎ ይጠይቃል።

ለዘርፉ መስፋፋት ውጫዊ ምክንያቶች እንዳሉ መካድ አይቻልም። ዩቲዩብ በ2005 ከተመሠረተ በኋላ ለተመልካቹ ቪዲዮ ሲመርጥ በዋናነት የሚመዝነው ስንት ጊዜ እንደተከፈተ ነበር። በ2012 ግን ሚዛኑን ለውጦ ተመልካቹ በቪዲዮው ላይ ለቆየበት ጊዜ ከፍ ያለ ግምት መስጠት ጀመረ፤ በዚህም ረዘም ያለ ሥራ ከቀድሞው የተሻለ ዕድል አገኘ። በ2013 የተቋቋመው ፓትሪዮን የተባለው ድርጅት ደግሞ ተመልካቾች የሚወዱትን አቅራቢ በየወሩ በገንዘብ የሚደግፉበትን መንገድ ከፈተ። ይሁን እንጂ የመንገዱ መከፈት መንገደኛው አንዱን መሪ ትቶ ሌላውን የሚከተልበትን ምክንያት አያስረዳም። በዚሁ መንገድ የወጡት የጨዋታ ቪዲዮዎች ቁጥር ስፍር የሌለው ሲሆን፣ አብዛኞቹ ግን ተረስተዋል። ስለዚህ መመርመር ያለበት የሥራው ውስጣዊ አሠራር ነው።

ለታወቀ ነገር ስም መስጠት

እንግሊዛዊው ማርክ ብራውን ቀደም ሲል ጋዜጠኛ የነበረ ሲሆን፣ "ጌም ሜከርስ ቱልኪት" በሚል ስም የሚያቀርባቸውን ወጎች የጀመረው በ2014 ነው። ከሥራዎቹ መካከል ለመምህር ቅርብ የሆነው በ2013 ስለወጣው "ሱፐር ማሪዮ ስሪ ዲ ዎርልድ" ስለተባለው ጨዋታ ያቀረበው ነው። በዚህ ወግ ብራውን መነሻ ያደረገው ከጨዋታው መሪ አዘጋጆች አንዱ ኮይቺ ሀያሺዳ የገለጸውን ዘዴ ነው። ዘዴው ኪሾቴንኬትሱ ይባላል፤ ከቻይና ባለ አራት ስንኝ ግጥም የመነጨና በጃፓን ትረካ ውስጥ የሚሠራበት ሲሆን፣ ማስተዋወቅ፣ ማሳደግ፣ ማዞርና ማጠቃለል የተባሉ አራት ደረጃዎች አሉት።

የዘዴው አሠራር በምሳሌ ሲታይ እንዲህ ነው። በአንዱ የጨዋታው ክፍል ተጫዋቹ በዘለለ ቁጥር የሚገለባበጡ ቀይና ሰማያዊ ንጣፎች አሉ። ተጫዋቹ ይህን ነገር መጀመሪያ የሚያገኘው ቢወድቅ በማይጎዳበት ቦታ ነው፤ ማንም ሳይነግረው ዘልሎ ንጣፉ ሲገለበጥ ያያል። ቀጥሎ ያው ነገር ከሥሩ ገደል ባለበት ቦታ ይመጣል። ከዚያም ያልታሰበ ለውጥ ይጨመርበታል። በመጨረሻም ተጫዋቹ የቀሰመውን ሙያ የሚያሳይበት መዝጊያ ይሰጠዋል። ጨዋታው አንድም የመመሪያ ቃል ሳይጽፍ አስተምሮ፣ ፈትኖ፣ አሳልፏል።

ብራውን ይህን ሲያስረዳ የሚያናግረው ተመልካች ብዙውን ጊዜ ይህን የጨዋታ ዐይነት በእጁ የሞከረ ሰው ነው። የት መዝለል እንዳለበት ጣቱ ያውቃል፤ ለምን በቀላሉ እንደተማረው ግን ጠይቆ አያውቅም። ወጉ በጣቱ የነበረውን ዕውቀት ስምና ቅርጽ ሰጥቶ በዐይኑ ፊት ሲያኖርለት፣ "ይህንስ አውቀው ነበር፤ እንደማውቀው ግን አላውቅም ነበር" የሚያሰኝ ስሜት ያድርበታል። ተመልካቹን የሚይዘው ዋናው ኀይል ይህ ነው። አዲስ ነገር መስማት ደስ ያሰኛል፤ የራስን ልምድ ተርጉሞ የሚያሳይ ሰው ማግኘት ግን ከዚያ የበለጠ ያስራል፤ ምክንያቱም ተመልካቹ እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር በራሱ ትዝታ ላይ እየመዘነ ይከታተላልና።

በ2016 የጀመረው ስለ ዜልዳ ጨዋታዎች የሚናገረው ተከታታይ ወግም ይህንኑ ያጠናክራል። የመጀመሪያው የዜልዳ ጨዋታ ከወጣበት ከ1986 ጀምሮ በእነዚህ ጨዋታዎች ውስጥ ቁልፍና የተቆለፈ በር ያላቸው፣ ክፍላቸው የበዛ ዋሻዎችና ግንቦች ይገኛሉ። ተጫዋቹ አንዱ ግንብ እንዳደናገረው፣ ሌላው እጁን ይዞ እንደመራው ያስታውሳል። ብራውን የየግንቡን በሮችና ቁልፎች በቅደም ተከተላቸው በሥዕላዊ መግለጫ አሰፈረ። ከመግለጫው እንደሚታየው፣ በአንዳንዱ ግንብ ብዙ በሮች በአንድ ጊዜ ክፍት ስለሚሆኑ ተጫዋቹ ካርታውን በራሱ አእምሮ መያዝ አለበት፤ በሌላው ግን ቦታው ሰፊ ቢመስልም እያንዳንዱ ቁልፍ ቀጣዩን በር ብቻ ስለሚከፍት ሥራው መራመድ ብቻ ነው። "አደናገረኝ" የሚለው ስሜት በዚህ መንገድ የሚቆጠርና የሚወዳደር ነገር ሆነ።

የተሰወረውን ሕግ በቅደም ተከተል መግለጥ

ሁለተኛው ምክንያት የአቀራረብ ቅደም ተከተል ነው። "ሰመኒንግ ሶልት" በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው አሜሪካዊ አቅራቢ የሚያተኩረው ጨዋታን በፍጥነት በመጨረስ ውድድር ላይ ነው። ሥራው የአንድን ጨዋታ የፍጥነት ክብረ ወሰን ከመጀመሪያው እስከ ቅርብ ጊዜ መተረክ ሲሆን፣ ከፍተኛ ምስክርነት የሚሰጠውም በየጊዜው እየወረደ የሚሄደው የሰዓት መሥመር ነው። በወሬ ደረጃ ሲታይ ከዚህ ይልቅ ደረቅ ርእስ የለም፤ አንድ ሰው ሌላውን በሰከንድ ሽራፊ በለጠ ማለት ብቻ ነውና።

ነገር ግን ትረካው የሚያልፈው በተሰወረ ሕግ በኩል ነው። በ1985 የወጣው "ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ" በአንድ ሰከንድ ወደ 60 የሚጠጉ ምስሎችን ያሳያል። መሣሪያው አንድ ምዕራፍ ማለቁን አረጋግጦ ወደሚቀጥለው የሚያሻግረው ግን በየ21 ምስሉ፣ ማለትም በየ0.35 ሰከንዱ ገደማ ብቻ ነው። ይህን ሕግ ለማስረዳት በተወዳዳሪዎቹ ዘንድ የተለመደ አንድ ምሳሌ አለ። በየ21 ምስሉ የሚነሣ አውቶቡስ እንዳለ ይታሰብ። መንገደኛው ከአውቶቡሱ መነሻ 1 ምስል አስቀድሞ ቢደርስም፣ 15 ምስል አስቀድሞ ቢደርስም የሚሳፈረው ያንኑ አውቶቡስ ነው፤ 1 ምስል ቢዘገይ ግን የሚቀጥለውን መጠበቅ ግዴታው ነው። ስለዚህ በአንድ ምዕራፍ ውስጥ በትንሹ መፍጠን ዋጋ የለውም፤ ዋጋ የሚኖረው የቀደመውን አውቶቡስ ለመያዝ የሚያስችል ፍጥነት ሲገኝ ነው። በመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ብቻ የሚጠብቅ አውቶቡስ ስለሌለ እያንዳንዷ ምስል ትቆጠራለች።

ይህ ምሳሌ ከተሰጠ በኋላ ተመልካቹ የሚያየው ውድድር ሌላ ይሆናል። ቀደም ሲል ሁለት የማይለዩ ሩጫዎች ያይ የነበረው ዐይን አሁን አውቶቡሱ መቼ እንደሚነሣ ይጠብቃል። በ2021 ጨዋታው ለመጀመሪያ ጊዜ ከ4 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ በታች ሲጠናቀቅ፣ ሽራፊዋ ሰከንድ በስንት ዓመት ልፋት እንደተገኘች ስለሚረዳ ልቡ ይነካል። ሰሙን ያየ ሰው ወርቁን እንዲፈልግ እንደሚደረግ ሁሉ፣ አቅራቢው ሕጉን አስቀድሞ በትርጓሜ መልክ አይዘረግፍም፤ በመጀመሪያ ተወዳዳሪው ምክንያቱ ባልታወቀ እንቅፋት ሲቆም ያሳያል፤ ተመልካቹ "ለምን?" ብሎ ከጠየቀ በኋላ ሕጉን ይሰጠዋል። ጥያቄው ከተመልካቹ ስለተወለደ መልሱም የእርሱ ይሆናል።

እዚህ ላይ ከክፍል ትምህርት ጋር ያለው ልዩነት ጎልቶ ይታያል። በብዙ የመማሪያ መጻሕፍት ደንቡ በምዕራፉ መግቢያ ይጻፋል፤ ጥያቄው በምዕራፉ መጨረሻ ይመጣል። ወጉ የሚሄደው በተቃራኒው ነው።

ጨዋታውን የማያውቅ ተመልካችስ?

እስካሁን በተባለው ላይ አንድ ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል፤ ይኸውም እነዚህን ወጎች የሚከታተሉ ብዙ ሰዎች የሚነገርለትን ጨዋታ ነክተው የማያውቁ መሆናቸው ነው። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው አሜሪካዊው ቲም ሮጀርስ "ቶኪሜኪ ሜሞሪያል" ስለተባለውና በ1994 በጃፓንኛ ስለወጣው የትምህርት ቤት ሕይወት ጨዋታ ያቀረበው ወግ ነው። ርዝመቱ ወደ 6 ሰዓት የሚጠጋ ሲሆን፣ ጃፓንኛ የማያውቁ ተመልካቾች ጨዋታውን ሞክረውት እንደማያውቁ ግልጽ ነው።

ሆኖም ነገሩ በጥልቀት ሲታይ ተቃውሞው ዋናውን ሐሳብ ያጠናክረዋል። ሮጀርስ ስለ ጨዋታው ከመናገር አልፎ ጨዋታውን በተመልካቹ ፊት ደረጃ በደረጃ ይጫወታል፤ በየመንታ መንገዱም የትኛውን እንደመረጠና ለምን እንደመረጠ ይናገራል። ተመልካቹ በጣቱ ባይጫወትም በሐሳቡ ይመርጣል፤ ምርጫውንም ከአቅራቢው ምርጫ ጋር ያስተያያል። አስቀድሞ ልምድ ለሌለው ሰው አቅራቢው በመጀመሪያ ልምዱን ይሰጠዋል፤ ትርጓሜው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ አልተለወጠም።

አሜሪካዊው ጄኮብ ጌለር ደግሞ በሌላ መንገድ ይሄዳል። ዘመናዊ ሥነ ጥበብን የሚፈራው ማን ነው የሚል ይዘት ያለው ወጉ የሚያነሣው በ1986 በአምስተርዳም ከተማ በስቴዴሊክ ሙዚየም ውስጥ በቢላዋ የተቀደደውን የአሜሪካዊውን ሠዓሊ የባርኔት ኒውማንን ትልቅ ሥዕል ነው። ከዚያም ዘመናዊ ሥነ ጥበብን የመጥላት ስሜት ከፋሺዝም አስተሳሰብ ጋር ያለውን ዝምድና፣ ይኸው ስሜት በጨዋታዎች ዓለም የሚገለጽበትንም ሁኔታ ይመረምራል። ለጨዋታ ብሎ የመጣ ወጣት ስለ ሥዕልና ስለ ታሪክ ሰምቶ ይሄዳል። ይህ የሆነው በሚያውቀው በር ገብቶ ወደማያውቀው ክፍል ስለተመራ ነው። ከታወቀው ወደ አልታወቀው የሚለው የቆየ የማስተማር መርሕ በዚህ ላይ በሥራ ሲተረጐም ይታያል።

የድምፅ ታማኝነት

ሦስተኛው ምክንያት አቅራቢው ከተመልካቹ ጋር ያለው የመተማመን ግንኙነት ነው። አሜሪካዊው ኖዋ ካልድዌል ጀርቬይስ የአንድን ተከታታይ ጨዋታ ክፍሎች በሙሉ ተጫውቶ ብዙ ሰዓት የሚፈጅ ወግ ሲያቀርብ፣ በሥዕሉ ላይ የሚታየው በአብዛኛው የራሱ አጨዋወት ነው፤ የሚሰማውም ያልተቸኮለ ንባቡ ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ የሚማርከው ጌጥ አይደለም። ሰውዬው የሚናገርበትን ነገር ከዳር እስከ ዳር እንደተጓዘበት ከእያንዳንዱ ዝርዝር መታወቁ ነው። ተማሪም መምህሩ የሚያስተምረውን ነገር ያውቅ እንደሆነና እንዳልሆነ በቶሎ ይለያል።

ይህ መተማመን ሲጣስ የሚደርሰው ጉዳት የመተማመኑን ዋጋ ያሳያል። በ2018 አንድ የታወቀ የጨዋታ ዜና ድርጅት ያወጣው ግምገማ ከአንድ ትንሽ አቅራቢ ቪዲዮ የተገለበጠ ሆኖ በመገኘቱ አዘጋጁ ከሥራው ተሰናብቷል። "ኤችቦምበርጋይ" በሚል ስም የሚታወቀው እንግሊዛዊው ሃሪ ብሩዊስ በታኅሣሥ 2023 ባቀረበው ወደ 4 ሰዓት በሚጠጋ ወግ ይህንና ሌሎች የቪዲዮ አቅራቢዎች የፈጸሙትን የጽሑፍ ስርቆት አንድ በአንድ አጋለጠ። ዘዴው ለማንም መምህር የሚገባ ነው፤ የተሰረቀውን ጽሑፍና የሰራቂውን ንባብ ጎን ለጎን አቅርቦ ፍርዱን ለዐይን መተው ነው። ስለ ምንጭ አጠቃቀም የሚሰጥ ደረቅ ምክር የማያገኘውን ትኩረት ይህ ወግ ያገኘው ማስረጃው ከክሱ ጋር በአንድ ቅጽበት ስለሚታይ ነው።

ጉድለቶች

ከላይ የተነገረው ምስጋና ዘርፉን ከነቀፋ ነጻ አያደርገውም። የመጀመሪያውና ከባዱ ጉድለት መረዳትንና መረዳት መስሎ መታየትን ማደባለቁ ነው። በሚገባ የተዘጋጀ ወግ የሰማ ሰው ነገሩ ሁሉ እንደተገለጠለት ይሰማዋል፤ በማግስቱ ግን ያንኑ ትንተና በሌላ ጨዋታ ላይ እንዲያደርግ ቢጠየቅ ሊያቅተው ይችላል። የሐሳቡን ሸክም የተሸከመው አቅራቢው ነውና። ብራውን ራሱ የሄደበት መንገድ ለዚህ ማስረጃ ይሆናል። ከ2017 ጀምሮ ተመልካቾቹ በተሰጣቸው ርእስ በጥቂት ጊዜ ውስጥ የየራሳቸውን ጨዋታ የሚሠሩበት ዓመታዊ ውድድር አዘጋጅቷል። በ2021 ደግሞ የራሱን ጨዋታ መሥራት ጀምሮ የሥራውን ሂደት ከነችግሩ ሲያሳይ ቆየ፤ ጨዋታውም በ2024 ወጣ። ስለ አሠራር ለዓመታት የተነተነ ሰው ለመሥራት ዓመታት እንደፈጀበት ሲታይ፣ በማየትና በመሥራት መካከል ያለው ርቀት ግልጽ ይሆናል።

ሁለተኛው ጉድለት ከተሳካ ነገር ላይ ተነሥቶ ሕግ የማውጣት ልማድ ነው። አራቱን ደረጃዎች የተከተለ ጨዋታ ጥሩ ሆኖ ከተገኘ፣ ጥሩ የሆነው በአራቱ ደረጃዎች ምክንያት ነው ወደሚል መደምደሚያ በቀላሉ ይደረሳል። ተመሳሳይ ደረጃ ተከትሎ የከሸፈውን መርምሮ ማወዳደር ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ሦስተኛው፣ በተለይ በጌለር መንገድ በሚሄዱት ዘንድ የሚታየው፣ ከአንዱ ነገር ወደ ሌላው የሚደረገው ዝላይ በስሜት እንጂ በማስረጃ አለመታሰሩ ነው፤ ሙዚቃውና የድምፁ ቃና የጎደለውን ምክንያት ይሸፍኑታል። አራተኛው ርዝመት ነው። ተመልካች በቪዲዮው ላይ ለሚቆይበት ጊዜ ዋጋ የሚሰጥ ገበያ ባለበት፣ በ1 ሰዓት ሊነገር የሚችል ነገር 3 ሰዓት የሚወስድበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም።

ለትምህርት ሥራ የሚሰጠው ግንዛቤ

ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ ትምህርት ሥራ መመለስ ይገባል። በ2004 በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ፣ በተለምዶ "ፕላዝማ" የተባለው የቴሌቪዥን ትምህርት በስፋት ተጀመረ። ዓላማው በከተማም ሆነ በገጠር ያለው ተማሪ ተመሳሳይ ደረጃ ያለው ትምህርት እንዲያገኝ፣ የሠለጠኑ መምህራን እጥረትም እንዲቃለል ስለነበረ የሚነቀፍ አይደለም። በአፈጻጸሙ ላይ የቀረቡት ሂሶች ግን የታወቁ ናቸው፦ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ በፍጥነት ይሄድ ነበር፤ ተማሪው ሊያስቆመው ወይም ሊጠይቀው አይችልም፤ ለክፍሉ መምህር የሚቀረው ጊዜ በመጀመሪያና በመጨረሻ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር።

እነዚህ ሂሶች በአመዛኙ ስለ ፍጥነትና ስለ ቋንቋ ናቸው። ከወጎቹ ምርመራ የሚገኘው ግንዛቤ ሌላም ችግር እንደነበረ ያመለክታል፤ እርሱም የቅደም ተከተል ችግር ነው። ወጉ ተመልካቹን የሚይዘው እጁ የነካውን ነገር ስለሚተረጉምለት ነው። የፕላዝማው የሳይንስ ትምህርት ግን ቤተ ሙከራ ባልተሟላበት ትምህርት ቤት ለተቀመጠ፣ የመመርመሪያ ብልቃጥ ይዞ ለማያውቅ ተማሪ የሙከራውን ውጤት ከነማብራሪያው በአንድ ጊዜ ያቀርብለት ነበር። ተማሪው ሳይጠይቅ ተመለሰለት፤ ሳይሞክር ተጠናቀቀለት። በመጋቢት 2020 ትምህርት ቤቶች በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተዘግተው ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ሲሰጥም፣ ቤቱ የተቀመጠው ተማሪ የገጠመው ተመሳሳይ ነገር ነው። ስለዚህ ወደፊት ለሚዘጋጁ የቪዲዮ ትምህርቶች የሚከተሉት ነጥቦች ቢታሰብባቸው ይጠቅማል።

አንደኛ፣ ቪዲዮው ከሥራው በኋላ ይምጣ። ተማሪው በቅድሚያ በአካባቢው በሚገኝ ቁሳቁስ አንድ ነገር ይሞክር፤ ይሳሳት፤ ይደናገር። ለምሳሌ በገበጣ የሚጫወት ሕፃን ከየትኛው ጉድጓድ ቢያነሣ የመጨረሻዋ ጠጠር የት እንደምትወድቅ ጣቱ ያሰላል። መምህሩ በመጀመሪያ ያጫውተው፤ ከዚያም "ሳትቆጥር እንዴት አወቅህ?" ብሎ ይጠይቀው፤ የመደመርና የቀሪ ስሌት ማብራሪያው በሰሌዳም ሆነ በቪዲዮ ቢመጣ የሚያርፍበት ቦታ አስቀድሞ ተዘጋጅቷል።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ዝግጅት አንድ ጥያቄ ብቻ ይያዝ፤ ጥያቄውም ከመልሱ ይቅደም። የአንድ ምዕራፍን አርእስት ሁሉ ለመሸፈን የሚሮጥ ዝግጅት የማንንም ሐሳብ ሰብስቦ መያዝ አይችልም።

ሦስተኛ፣ የሚነገረውና የሚታየው በአንድ ጊዜ ይገናኙ። ስለ ቅጠል አሠራር ሲነገር የተናጋሪውን ፊት ማሳየት ሥዕልን ያለ ሥራ ማባከን ነው።

አራተኛ፣ ዝግጅቱ የሚቆምና የሚመለስ ይሁን። ሳተላይቱ የከለከለውን ይህን ዕድል ዛሬ በተንቀሳቃሽ ስልክ ወይም በፍላሽ የሚጫን ቪዲዮ ይሰጣል። መምህሩ ጥያቄው በተነሣበት ቦታ አቁሞ ክፍሉን ያወያይ፤ ከውይይቱ በኋላ ያስቀጥል። በዚህ አሠራር መምህሩ የማሽኑ ረዳት መሆኑ ቀርቶ ማሽኑ የመምህሩ ረዳት ይሆናል።

አምስተኛ፣ ከእያንዳንዱ ዝግጅት በኋላ ተማሪው ያየውን ዘዴ በሌላ ነገር ላይ በራሱ እጅ የሚሞክርበት ሥራ ይሰጠው። ይህ ካልተደረገ የሚገኘው ውጤት በጉድለቶቹ ክፍል የተጠቀሰው የመረዳት ስሜት ብቻ ይሆናል።

ከወጎቹ መወሰድ የሌለበትም አለ። ርዝመታቸው፣ ቀልዳቸው፣ ሙዚቃቸውና የአቅራቢዎቹ የግል ጠባይ ለክፍል ትምህርት አርኣያ አይሆኑም፤ የተመልካቹ ፈቃደኝነትና የተማሪው ግዴታ የተለያዩ ነገሮች ናቸውና። ትምህርት በደስታ ብቻ አይመራም፤ ተማሪው ያልመረጠውንም መማር አለበት።

በአጠቃላይ የእነዚህ አቅራቢዎች ብልሃት ውድ መሣሪያ የሚጠይቅ አይደለም። ሰው አስቀድሞ የነካውን ነገር አንሥቶ፣ ጥያቄውን ከእርሱ አውጥቶ፣ ማስረጃውን በዐይኑ ፊት አኑሮ፣ መልሱን በቅደም ተከተል መግለጥ ነው። ሰሌዳና ጠመኔ ብቻ ያለው መምህር ይህን ማድረግ ይችላል፤ ስቱዲዮ የተሟላለት የትምህርት ዝግጅት ክፍልም ይህን ሳያደርግ ሊቀር ይችላል። ስለሆነም ለቪዲዮ ትምህርት በጀት ሲያዝ ከካሜራው ግዢ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ተማሪው ይህን ዝግጅት ከማየቱ በፊት በእጁ ምን ይሠራል የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ በዕቅዱ ውስጥ ካልተመለሰ የሥዕሉ ጥራት ብቻውን ተማሪውን አያቆየውም።